ያፌት ሲሸና

ልጄ ያፌት በሸና ቁጥር የሚርሰው የእኔ ሱሪ ነው። እሱ ደረቅ ነው።

ነገሩ የጀመረው እናቱ ትርንጎ ዳይፐሩን ያስወለቀችው ዕለት ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ መስከረም ላይ የሚገባበት መዋዕለ ሕፃናት ዳይፐር የሚያደርግ ልጅ አይቀበልም። ቀይ የፕላስቲክ ፖፖ ገዛን። ትርንጎ አስቀመጠችውና ከጎኑ ቁጢጥ ብላ «ሽሽሽ» አለችው። ያፌት ትንሽ ተቀመጠ፤ ከዚያ ተነሥቶ ፖፖውን ጭንቅላቱ ላይ ደፋና ወደ ጓሮ ሮጠ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጭኔን ሞቀኝ። ወደ ታች ሳይ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሷል።

«ምን ሆንክ?» አለች ትርንጎ።

«ውሃ ነው።»

ጠጋ ብላ አሸተተች። «ውሃ አይደለም።»

የልጁን ሱሪ ዳበሰች። ደረቅ ነበር። እንደገና የእኔን አየች። ከዚያ ሌላ ሱሪ አመጣችልኝና ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

ርቀት ለውጥ አያመጣም። ሂሳብ የማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከቤታችን ርቆ በከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ያፌት ቤት ሲሸና እኔ ክፍል ውስጥ እርሳለሁ። ወተት አብዝቶ የጠጣ ቀን እስከ ካልሲዬ ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት ቀነስ አድርጋ እንድትሰጠው ትርንጎን ለመንኳት።

«ላንተ ሱሪ ብዬ ልጄን በጥም ልግደለው?» አለችኝ።



ጥቁር ሱሪ መልበስ ጀመርኩ። ቀጥሎም ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ማስተማር ለመድኩ። የምጽፈው ሲያልቅ የጻፍኩትን አጠፋና መልሼ እጽፈዋለሁ። ተማሪዎቹም መልሰው ይገለብጡታል። አንድ ቀን ከመጨረሻው ወንበር ኢዮስያስ የሚባለው ልጅ እጁን ሳያወጣ ተናገረ።

«ቲቸር፣ ውጭ እየዘነበ ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ሱሪዎ ምነው ይንጠባጠባል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጀርባዬን እንደሰጠሁ የሦስት ማዕዘኑን ሦስተኛ ጎን አሰመርኩ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ጥበቡ ቢሯቸው ጠሩኝ። ወንበር አላቀረቡልኝም።

«መምህር ላቀው፣ ታመሃል?»

«ደህና ነኝ።»

«መጠጥ ጀምረሃል?»

«አልቀምስም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«የልጄ ሽንት ነው።»

ሱሪዬን አዩት። «እንግዲያው ልጅህን አስለምድ። ወላጆች መጥተው አቤት ብለዋል። ሰኞም እንዲህ ከሆነ በቦታህ ሌላ ሰው አስገባለሁ። እንጀራህ ነው፤ አስብበት።»

ስለ ልጅነቴ ብዙ አላወራም። እናቴ ስትሞት ወልድያ አጎቴ ቤት ገባሁ። የምተኛው ቁርበት ላይ ነበር። ቁርበቱ ረጥቦ ያደረ ጠዋት የአጎቴ ሚስት አናቴ ላይ ትጭንብኝና ወደ ጎረቤት ትልከኛለች። በየደጁ ቆሜ «እኔ ሽንታም ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አብዛኛው ሰው ይስቃል። አንዳንዱ ቁራሽ ዳቦ ይሰጠኛል፤ የሚብሰው ይሄኛው ነበር። ድምፄ እስኪጎረንን ድረስ እንዲህ ቆየ። በኋላ ማርጠቡን ተውኩ። ስለዚህ ዘዴው ሠርቷል ማለት ነው።

የግቢያችን ጎረቤት እትዬ የሺመቤት ነገሩን ከሰሙ ሰንብተዋል። ዓርብ ማታ መጥተው ተቀመጡ።

«ልጁ ምን ቸገረው?» አሉ። «ብርዱን አንተ ትችልለታለህ፤ እፍረቱንም አንተ ትችልለታለህ። እኔ ብሆን ዕድሜ ልኬን አልለምድም! አሳፍረው። የግቢውን ልጆች እሰበስባቸዋለሁ፤ ያጨብጭቡበት። አንተ ደግሞ አባቱ ነህና ፊታቸው ላይ ‹ሽንታም› በለው። ያን ጊዜ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።»

«ይሄን ደግሞ የት አይተውት ነው?» አለች ትርንጎ።

«የኔዎቹ በሙሉ እንዲህ ነው የደረቁት።»

ትርንጎ እኔን አየችኝ። እኔ ሰኞን አሰብኩ። «እሺ» አልኩ።

እሑድ ከሰዓት ልጆቹ ግቢው መሃል ክብ ሠሩ። ያፌትን መሃል አቆምነው። ማጨብጨብ ሲጀምሩ ልደቱ መሰለው። ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀና እሱም አብሯቸው አጨበጨበ።

«በል እንጂ» አሉኝ እትዬ የሺመቤት።

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ግን የትም አልሄደም ነበር። ያፌት ዓይኔን እያየ ይጠብቃል፤ የምናገረው ነገር እንደሚያስደስተው እርግጠኛ ነበር።

በዚያው ቅጽበት ሸና።

ጭብጨባው ቆመ። አንዲት ልጅ አፏን በእጇ ሸፈነች። ያፌት ሱሪዬን አየ።

«አባዬ፣ ሸናህ?»

«አዎ።»

ቤት ገባና ፖፖውን እየጎተተ ይዞ ወጣ። እግሬ ሥር አስቀመጠው። ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ «አይዞህ» አለኝ። ተቀመጥኩበት። ጠባብ ነው፤ ጉልበቴ አገጬ ድረስ መጣ። ቃሉን ዋጥኩት።

«በቃ፣ አበላሸኸው» አሉ እትዬ የሺመቤት፤ ልጆቹንም ወደየቤታቸው በተኑ። ትርንጎ መጥታ ትከሻዬ ላይ እጇን አኖረች።

ሰኞ አቶ ጥበቡ የሚተካኝን መምህር አስከትለው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። ወጣት ነው፤ ከረባት አስሯል። እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ እየጻፍኩ ነበር። ከዚያ ጭኔን ሞቀኝ። ቤት ያፌት ሸንቷል።

የጻፍኩትን አላጠፋሁም። ጠመኔውን አስቀመጥኩና ዞሬ ክፍሉን ፊት ለፊት አየሁት። እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ፤ ምንም አልሸፈንኩም።

«የልጄ ነው» አልኩ። «ልጅ ሳለሁ ደግሞ የእኔ ነበር።»

የሳቀ አልነበረም። ኢዮስያስ አንገቱን ደፍቶ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ከወንበሩ ሥር ቀጭን ውሃ ወጣ። ከጎኑ ካለው ልጅ ሥርም ወጣ። የፊተኛው መስመር ልጃገረዶች ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከየወንበሩ የወጣው መተላለፊያው ላይ ተገናኘና ወደ በሩ መፍሰስ ጀመረ። ወጣቱ መምህር ከረባቱን ወደ ታች ሳበ፤ አልደረሰለትም። አቶ ጥበቡ የያዙትን ፋይል ቀስ ብለው ከፊታቸው አደረጉት።

ከሌሎቹም ክፍሎች እየወጣ ነበር። ሜዳው ላይ ተቀላቅሎ ያለ ድምፅ በአጥሩ ሥር አለፈ። ከአጥሩ ወዲያ አስፋልቱ ይታያል። መንገደኞቹ አንድ በአንድ ቆሙና አንገታቸውን ደፉ። አንድ አውቶቡስም ቆመ። ሹፌሩ በሩን ከፈተው፤ የሚወርድ ሰው ግን አልነበረም፤ ከደረጃው እየፈሰሰ የሚወርደው ውሃ ብቻ ነበር።