ረቂቅ ተዋንያን

ጋሼ መጋረጃ ሠላሳ አንድ ዓመት የቴአትር ቤቱን መጋረጃ ሲስቡ ኖረው፣ ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ሲቀራቸው ተዋናይ ሆኑ። ነገሩ እንዲህ ነው። የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪውና ቴአትር ቤቱ ተባብረው አንድ ተውኔት ለማሳየት ተስማሙ። የላቦራቶሪውን ዘበኛ ሆኖ የሚጫወተው ሰው ግን ከደረጃ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። አዘጋጁ ግራ ገብቶት ዞር ዞር ሲል፣ የሁሉንም ቃል በልቡ የያዘ ሰው ገመዱ አጠገብ ቆሞ አገኘ። መጋረጃ ሳቢ ጊዜውን የሚያውቀው ጆሮውን ለቃል በመስጠት ነውና፣ ጋሼ መጋረጃ በቃላቸው የማይወጡት ተውኔት አልነበረም።

የተውኔቱን ሳይንስ የምታቀብለው የላቦራቶሪው ባለሙያ የሆነችው የገዛ ልጃቸው ነበረች። በከተማው ዳር ካለው ሰፈር ብዙ ሰው በሆድ ሕመም ሲወድቅ፣ የጉድጓዱን ውሃ ቀድታ የመረመረችው እሷ ናት። ምክንያቱን ስታገኘው «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ማስታወቂያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ለጠፈች። ሰዎቹ አነበቡት፤ ውሃቸውንም ቀድተው ሄዱ። «እንደ መስተዋት የጠራ ውሃ ምን ሆነና ነው?» አሏት። ሦስት ወር ሙሉ ሰፈሩን ስትመላለስበት፣ የታመመው ሰው ቁጥር አልቀነሰም። በወረቀት ያላመነ በዐይኑ ይመን ብላ ወደ ቴአትር ቤቱ የመጣችው ተስፋ ቆርጣ ነበር ማለት ይቻላል።

የዘበኛው ድርሻ አጭር ናት፤ ሆኖም ተውኔቱ በሙሉ የተንጠለጠለው በእሷ ላይ ነው። ዘበኛው ብርጭቆ ውሃ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ፣ «በዚህች ጠብታ ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ሞልተዋል» ይላል። ወዲያው ነጭ የለበሱ ስድስት ተዋንያን እየተሳቡ ይወጣሉ።

በመጀመሪያው ልምምድ ቀን ጋሼ መጋረጃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ብርጭቆውንም አነሡ።

«በዚህች ጠብታ ውስጥ ረቂቅ ተዋንያን ሞልተዋል።»

ምላስ የሚናገረው የለመደውን ነው። በደረቱ ይሳብ የነበረው ወፍራሙ ተዋናይ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ በዕድሜዬ ረቂቅ ያለኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። እባክዎ ለባለቤቴም ይንገሩልኝ።»

«ጠብታ ውስጥ ኖረን ነዋ ልብስ መቀየሪያው የጠበበን!» አለች ከኋላው የምትሳበው።

ሁሉም ሲስቅ ልጃቸው አልሳቀችም። ደጋግመው ሞከሩ፤ ደጋግመውም ሳቱ። በመጨረሻ እጃቸውን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻቸው።

«አባዬ፣ እነዚያ የጉድጓዱ ሰፈር ሰዎች ከሳቁ አለቀ። ስቀው ይሄዱና ያንኑ ውሃ ይጠጣሉ።»

«ጀርም ብላቸውስ?»

«ጀርም ካልካቸው እጃችንን ታጥበናል ብለው ይቀመጣሉ። ትክክለኛው ቃል ይሄ ነው። ካልሆነልህ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

«ይሆንልኛል፣ የኔ ልጅ» አሉ። ድርሻውን ማጣት ያን ያህል አላስፈራቸውም፤ በእሳቸው አፍ የልጃቸው ልፋት መና እንዳይቀር ነበር የፈሩት።

በማግስቱ ወደ መሥሪያ ቤቷ ወሰደቻቸውና ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠቻቸው። መጀመሪያ የገዛ ሽፋሽፍታቸውን አዩ። ቀጥሎ በውሃው ጠብታ ውስጥ አንዱ ከጎን ሲገባ፣ ሌላው ባለበት ሲሽከረከር፣ ሦስተኛው ከብርሃኑ ወጥቶ ሲጠፋ ተመለከቱ።

«መግቢያና መውጫቸውን የሚነግራቸው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ማንም። እንዲሁ ነው የሚኖሩት።»

«አዘጋጅ የላቸውማ።»

«አባዬ፣ ቃሉን።»

«ተ... ሕዋስያን» አሉ ጋሼ መጋረጃ፣ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ።

ከዚያ በኋላ ጢማቸውን ሲላጩ፣ ደረጃ ሲወጡ፣ አውቶቡስ ሲጠብቁ ቃሉን ሲያላምጡት ሰነበቱ። ጎረቤታቸው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይታ ጸሎት የጀመሩ መስሏት፣ «ይበሉ ይበርቱ» አለቻቸው።

ቀኑ ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጉድጓዱ ሰፈር ሰዎች በሁለት አውቶቡስ መጥተው አዳራሹን ሞሉት። ጋሼ መጋረጃ ብርጭቆውን አነሡ፤ ቃሉንም አንዲት ፊደል ሳያጓድሉ ጥርት አድርገው ተናገሩ።

በአዳራሹ ያሉት ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ።

«ምንድን ነው ያሉት?» አለች በሁለተኛው ረድፍ ሕፃን ያቀፈች ሴት።

«እንጃ፣ የመድኃኒት ስም ይመስለኛል» አለቻት አጠገቧ ያለችው።

ነጭ ለባሾቹ እየተሳቡ ወጡ። «እነዚህ ደግሞ በሽተኞቹ ናቸው» አለ አንድ ሽማግሌ፣ ለጎረቤቱ የሚያስረዳ መስሎት። አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አንሥቶ ወደ በሩ አመራ።

ጋሼ መጋረጃ ብርጭቆውን አወረዱ። ምን እንዳጠፉ ለማወቅ ወደ ጎን ቢያዩ፣ ልጃቸው የተውኔቱን ጽሑፍ በደረቷ አስደግፋ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች። አዳራሹን እያየች ነበር። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችው።

«አባዬ፣ ተዋንያን በላቸው» ስትል አንሾካሾከች።

ጆሯቸው የተሳሳተ መስሏቸው ቅንድባቸውን አነሡ።

«በላቸው።»

እሳቸውም ወደ መድረኩ ጠርዝ ቀረቡ። «እናንተ ሰዎች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ቃሉ ከበደብኝ። በዚህች ጠብታ ውስጥ ረቂቅ ተዋንያን አሉ። ከዐይን ስለሚያንሱ ውሃው የጠራ ይመስላል። እኔ ግን በልጄ መሣሪያ አይቻቸዋለሁ። እነዚህ ነጭ የለበሱት እነሱን ሆነው ነው የሚጫወቱት። የኛዎቹ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እነዚያ ግን ሆድ ውስጥ ገብተው ሌት ተቀን ይጫወታሉ። ውሃው ካልፈላ በቀር ከመድረክ የሚያወርዳቸው የለም።»

ልጃቸው የፈራችው ሳቅ መጣ። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ሳቀ። ሳቁ ግን ራሱን በራሱ አበረደ፤ ሕፃን ያቀፈችው ሴት አልሳቀችም ነበርና።

«ልጄን አሳምመው ያስተኙት እነሱ ናቸው?»

«እነሱ ናቸው፣ ልጄ።»

በዚህ መካከል ወፍራሙ ተዋናይ፣ ማንም ሳያዘው፣ በደረቱ እየተሳበ ወደ ብርጭቆው እጁን ዘረጋ።

«ዞር በል ከዚያ» አለችው ሴትየዋ። ባርኔጣውን ያነሣው ሰውም ተመልሶ ተቀመጠ።

ተውኔቱ ሲያልቅ ማይክሮስኮፑ የጉድጓዱ ውሃ ጠብታ ተደርጎበት በመግቢያው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ወረፋው ደረጃውን ሞልቶ እስከ በሩ ደረሰ። ሕፃኑን ለጓደኛዋ ሰጥታ መጀመሪያ ያየችው ያችው ሴት ናት።

«ያ በጎን የገባው ማነው?»

ልጃቸው በመጽሐፍ ያለውን ሳይንሳዊ ስሙን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያም ተወችው። «እሱ ዋናው ተዋናይ ነው» አለች።

«መልኩስ አያምርም» አለች ሴትየዋ። ለሚቀጥለው ቦታ ከለቀቀች በኋላ ግን አልሄደችም። «ውሃው እንደፈላ ከእሳት ይውረድ ወይስ ፈልቶ ጥቂት ይቆይ?»

በሦስት ወር ውስጥ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ልጃቸው ወደ ሴትየዋ ዞረች።

«ፈልቶ ጥቂት ይቆይ።»

«ምን አለች?» አሉ ከኋላ የቆሙት።

«ፈልቶ ጥቂት ይቆይ ነው የምትለው።»

ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ ደረጃውን ወረደ። ጋሼ መጋረጃ የዘበኛውን ካፖርት እንደለበሱ ከደረጃው አጋማሽ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ተራው ሲደርሳቸው እሳቸውም ተቀብለው ከበታቻቸው ላለው ሰው አቀበሉ።