የወይዘሮ የሻሽወርቅ መልስ

ክንፈሚካኤል ቦምቤይ አምስት ዓመት ሕግ ተምሮ በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ሲገባ፣ እናቱ ወይዘሮ የሻሽወርቅ በማንኩሳው ርስታቸው ተከሰው ጠበቁት። ከሳሹ ጎረቤታቸው ይርሳው ነው፤ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት አትወለድምና ከነቤቱ ትልቀቅልኝ ብሎ። እሳቸው ግን ክሱን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። የትውልድ ሐረጋቸውን እንደ ዳዊት ነው የሚደግሙት፤ ደግሞስ የተማረ ልጅ መጣላቸው አይደል? የተማረ ይግደለኝ ይላል ያገሬ ሰው። አንዳንዴ ምኞቱ ይደርስለታል።

ልጁ ለእናቱ ለመቆም ቸኮለ። ችሎት ሄዶ ዲፕሎማውን ቢያሳይ፣ የባዕድ አገር ትምህርት ብቻውን ለጥብቅና አያበቃም፣ አዲስ አበባ ሄደህ ፈቃድ አውጣ አሉት። አስተማሪዎቹ፣ ደንበኛ ጠበቃው ሳይመጣ አፉን አይክፈት ሲሉ ሰምቶ ኖሮ፣ አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት እናቱን አስጠነቀቀ።

«ፈቃዴን ይዤ እስክመጣ፣ ዳኛው ቢጠይቁዎ አንድ ቃል እንዳይመልሱ» አላቸው።

እሳቸውም ዝም አይነቅዝም ብለው ተስማሙ።

የአዲስ አበባው ወረቀት ማለቂያ አልነበረውም። ዲፕሎማው እውነተኛ ስለመሆኑ የተማረበት ትምህርት ቤት ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ፤ ደብዳቤው ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ ሦስት ወር ሆነ። ሲመጣ ደግሞ ወደ አማርኛ ይተርጎም አሉ። ሲተረጎም፣ ባገሩ ሕግ ይፈተን። ክንፈሚካኤል ቦምቤይ የተማረውን የእንግሊዝ ሕግ እንደ ውሃ ይጠጣዋል፤ ያገሩን አዲሱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ግን አንድ ቀን ገልጦት አያውቅም። ያሳፍራል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው መጽሐፉን እያነበበ፣ ልጅ የጥብቅና ፈቃድ ሳይኖረው ውክልና ብቻ ይዞ ለወላጁ መቆም እንደሚችል አገኘ። ፊቱ ጋለ። ለካ ልጅ መሆኑ ብቻ ይበቃ ኖሯል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ተከሳሽ ለይቶ ያልካደው ነገር እንዳመነው እንደሚቆጠር አነበበ። ፈተናውን ትቶ በማግሥቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ መንገዱን ሁሉ፣ አምላኬ፣ እማዬ አንዴ እንኳ ተናግረው በሆነ እያለ ይለምን ነበር።

ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ለይርሳው ከተፈረደ አራት ቀን ሆኖታል። የመዝገብ ቤቱ ሹም አቶ ወልደ ገብርኤል እያዘኑ መዝገቡን አሳዩት። እናቱ ሦስት ቀጠሮ ቀርበዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ ተጠይቀው ዝም ብለዋል። ዳኛው ይናገሩ እንጂ ብለው ለምነዋቸው ነበር አሉት። ይግባኝስ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ያኔ ያልተናገሩትን አሁን ቢናገሩት ማን ይሰማቸዋል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ማንኩሳ ሲደርስ፣ እናቱ ቡሬ እህታቸው ዘንድ ሊገቡ ዕቃቸውን ሸክፈው ከደጅ ተቀምጠዋል። ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«መጣህልኝ? አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ይርሳው ቢስቅብኝ፣ ሰዉ ድዳ ናት ቢለኝ፣ እንዳዘዝኸኝ ከንፈሬን ነክሼ ቆምሁ። ፈቃድህን ይዘኸዋል?»

ልቡ ተሰበረ። ሊዋሻቸው ፈለገ፤ አልሆነለትም።

«እማዬ፣ መናገር ነበረብዎ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አልተቆጡም፤ ቢቆጡት ምንኛ በተሻለው። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው ተነሥተው ቆሙና ቀስ ብለው ጀመሩ።

«እኔ የሻሽወርቅ የገብረሰንበት ልጅ ነኝ፤ ገብረሰንበት የወለተ ሥላሴ ልጅ ነው፤ ወለተ ሥላሴ የሐብቴ…»

መሬቱን እስካቀናው አባት ድረስ ስምንት ትውልድ፣ ከነወሰኑ ከነምስክሩ ዘለቁት። ክንፈሚካኤል መሬት ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ ሰማቸው። አንድም ቦታ አልተሳሳቱም።