የውሰት ድንጋይ

«አንሺው! አንሺው አልኩሽ!»

ሱቺን ከባሏ የሬሳ ሳጥን አጠገብ ተስፈንጥራ ወደ ማዕድ ቤት ስትሮጥ፣ ሻይ ይጠጡ የነበሩት ለቀስተኞች ስኒያቸውን እንደያዙ ቀሩ። የልጇ ሚስት ዩፌን የጋለ መጥበሻ ከምድጃ አውርዳ እርጥቡ የግራናይት መደብ ላይ ልታሳርፍ ነበር።

«ምን አጠፋሁ እማማ?»

«ማቶቱን! ቀርከሃው አፍንጫሽ ሥር አይደል?»

ዩፌን መጥበሻውን ከቀርከሃ የተሠራው የድስት ማስቀመጫ፣ ማቶቱ ላይ አሳረፈች። ከበሩ አጠገብ አንዷ ጎረቤት ለሌላዋ፣ «ባሏ ሳይቀበር ስለ ድንጋይ ትጮሃለች» ስትል ተሰማች።

«እሰማለሁ!» አለች ሱቺን። «የሞተው ባሌ እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

ተመልሳ ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። ልጇ ሃይቦ ጎንበስ ብሎ፣ «እማ፣ ለመቃብሩ ከከተማ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ልዘዝ። ስሙን በማሽን ይጽፉታል» አላት።

«በማሽን? አባትህን ሁለተኛ ልትገድለው ነው?»

«የማዕድ ቤቱ ድንጋይ እኮ እስካሁን ተሰንጥቋል። ያን ሁሉ ዘመን ተሠርቶበት!»

«ጠራቢው ሹይገን መጥቶ ይንገረኝ። አንተ ስለ ድንጋይ ምን ታውቃለህ?»

በዚያ የባሕር ዳር መንደር ወንዱ ድንጋይ ይጠርባል፤ ሴቷ ዛጎል ትለቅማለች። ባሏ ባዎሻንም የሰው ማዕድ ቤት ሲያሳምር አረጀ፤ የገዛ ሚስቱ ግን መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ነበር ዓሣ የምትከትፈው። ጓሮ ግድግዳ ላይ ያስደገፈው አንድ ግራጫ ድንጋይ ነበረው፤ ለሁለታቸው መቃብር። ጠራቢ የመቃብሩን ድንጋይ ሳይመርጥ አያረጅም።

«ሞቼ ከምታለብሰኝ በቁሜ አልብሰኝ» አለችው አንድ ቀን ወገቧን ይዛ። «እዚያ ስጋደም ወገቤን አያመኝም።»

አኮረፈ። ከዚያ አንድ ቀን ከባሕር ስትመለስ ድንጋዩን ማዕድ ቤት ውስጥ በወገቧ ልክ ተገጥሞ አገኘችው።

«በውሰት ነው» አላት ፊቱን አዙሮ። «አንዳችን ስንሄድ ይነሳል። እስከዚያ ትኩስ ነገር እንዳታሳርፊበት።»

«ድንጋይ ደግሞ እሳት ይፈራል?»

«እሳት አይፈራም። ድንገት ሲመጣበት ነው የሚሰነጠቀው።»

ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የለም። ድስት ባነሳች ቁጥር ከግቢ፣ «ማቶት! ልብሽ የት ነው?» ይላል። ማቶቱን የሚሠራው ራሱ ነው፤ ሲያር በአዲስ ይተካዋል። ለእሷ ግን አንዲት ጨርቅ ገዝቶላት አያውቅም።

«ሚስትህ ድንጋይዋ ናት፤ እኔ ውሽማህ ነኝ» ትለው ነበር።

እሱ ራሱ ድንገት ሄደ። ጫማውን ሊያስር አጎነበሰ፤ በዚያው አልተነሳም።

የባዎሻን የሥራ ባልንጀራ ሹይገን ወደ ማታ መጣ። ሳጥኑ ፊት ሰግዶ ሲያበቃ ትንሿን መዶሻ ከኪሱ አወጣ።

«እትዬ ሱቺን፣ ድንጋዩ ከደነቆረ አልዋሽሽም።»

«መቼ ዋሽተህ ታውቃለህ? ምታው።»

ጤነኛ ድንጋይ ሲመቱት እንደ ደወል ይጮሃል፤ የተሰነጠቀው እንደ ነቃ እንስራ ይደነቁራል። ሹይገን ማዕድ ቤት ገብቶ መደቡን ከመስኮቱ ጀምሮ እያንኳኳ መጣ። ምግብ የሚሠሩት ሴቶች ማማሰላቸውን አቆሙ። ምድጃው አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ለጥፎ ደግሞ መታ።

ድንጋዩ ጮኸ።

«ዛሬ የተጠረበ ይመስላል» አለ ሹይገን ቀና ብሎ። «ሰውዬው ለምን ሲጨቀጭቅሽ እንደኖረ ገባሽ? የእሱም ያንቺም ስም ይጻፍበታል።»

ሱቺን መደቡን በመዳፏ ዳበሰችው።

«ነገ ውሰዱት» አለች በመጨረሻ። «ዛሬ ግን ገና የእኔ ነው። ውጡልኝ።»

ባዎሻን የሚወደውን የስኳር ድንችና የሩዝ ገንፎ ሠራችለት፤ ሳጥኑ ፊት ልታኖርለት። ሲፈላ ድስቱን አነሳች። ማቶቱ ወዲያ ነበር። ድስቱን ከድንጋዩ በላይ ይዛ ቆመች፤ ጆሮዋን ወደ ግቢው ጣለች። እንፋሎቱ ፊቷን አረጠበው።

ከግቢ ማንም አልጮኸም።

«ማቶት!» አለች ጮክ ብላ፤ ለራሷ። «ልብሽ የት ነው?»

ቀርከሃውን በክርኗ ስባ ድስቱን ቀስ አድርጋ አሳረፈችው።