የተቀቀለው ከረጢት

እኔ ቤት የሚጣል ነገር የለም። ፌስታል ይታጠባል፤ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ጫማ ይጠርጋል። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ «ይሄ ሰውዬ ትንፋሹንም አጥቦ መልሶ ሳይጠቀምበት አይቀርም» እያለች ትስቅብኝ ነበር። በስምንት ዓመት ውስጥ ግን ከእኔ ብሳ ቁጭ አለች።

ሳሎናችን ውስጥ ዓሣና ኮራል የሚባሉ፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት የማረባበት የጨው ውሃ ገንዳ አለኝ። ባለፈው ወር አንድ ድንጋይ ተንሸራቶ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉትን ኮራሎች ጨፈለቃቸው። እነዚህ ሲጎዱ መርዝ ይለቃሉ። ውሃው ደፈረሰ፤ ዓሦቹ ጥግ ይዘው ማለክለክ ጀመሩ። ወዲያው የማጣሪያ ከሰል የሞላሁበትን የጨርቅ ከረጢት ውሃው በሚያልፍበት በኩል አስገባሁ። ከሰሉ መርዙን መጠጠልኝና በሁለት ቀን ውሃው ጠራ። የኮራሎቹ ቁርጥራጭ ግን ከረጢቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ዛሬ ጠዋት አወጣሁትና፣ ስመለስ እጥለዋለሁ ብዬ ወጥ ቤት ሳህን ላይ ትቼው ሥራ ሄድኩ።

ስለ መርዙ ለባለቤቴ ትንፍሽ አላልኩም። ብነግራት ገንዳውን ከነዓሣው ታስወጣው ነበር። «ድንጋይ ወድቆባቸው ነው፣ ይድናሉ» ብዬ አለፍኩት።

እኩለ ቀን ላይ፣ መነጽር ቤት ቁጭ ብዬ ሌንስ ስሞርድ ደወለች።

«ስማ፣ ያንን ጥቁር ከረጢትህን የገንዳህን ስፖንጆች ለማጽዳት እንደምትቀቅላቸው ቀቀልኩልህ። እየተንተከተከ ነው፤ አዲስ ይሆንልሃል።» አስከትላም ደረቅ ሳል ሳለች።

ሌንሱ ከእጄ ወደቀ። «አጥፊው! አጥፊና ውጡ! እንፋሎቱን እንዳትስቡት!»

«ምን ሆነሃል? እኔ አፌን ብረት ብረት አለኝ እንጂ ደህና ነኝ።»

«ልጃችንስ? ሚጢጢስ?»

«እዚሁ አጠገቤ ስዕሏን ቀለም እየቀባች ነው። እሷንም ሳል ይዟታል።»

ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ። ታክሲው መብራት ላይ ሲቆም ወርጄ ሮጥኩ። እናቴ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ስትል እስቅባት ነበር። ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የአራት ዓመት ልጅ ሳንባ ምን ያህል እንደሆነ ማሰብ አቃተኝ።

በራችን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ባለቤቴ ብርድ ብርድ ብሏት እየተንቀጠቀጠች ነው። ሚጢጢን አቀፍኳት፤ ግንባሯ እንደ እሳት ይፋጃል፣ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ስትስቅ የምትውለው ልጄ ዓይኗን መግለጥ ተሳናት።

ድንገተኛ ክፍል ስንገባ ሐኪሟ ኦክስጅኑን ለልጄ እየገጠመችላት «ድስቱ ውስጥ ምን ነበር?» አለች።

«ምንም የለውም፤ የውሃ ማጣሪያ ከሰል ብቻ ነው» አለች ባለቤቴ። «እሱን ጠይቂው፣ እሱ ያውቀዋል።»

ሁለቱም ያዩኛል።

«መርዝ አለው» አልኩ። «የኮራል መርዝ። አውቅ ነበር።»

ሐኪሟ ወደ ስልኩ ሮጠች። ባለቤቴ የልጃችንን እጅ ከእጄ ውስጥ ቀስ አድርጋ አወጣችው።

«ስትመለስ ልትጥለው ነበር፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ለምን እንደሚጣል ብትነግረኝ እኮ፣ እኔም እጥለው ነበር።»