ለተራራው የተገዛ ጫማ

ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ታይዋን ገበያ፣ ዓሻ ጫማ የምትሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ አቶ ሣህሉ ካልሲ አደረገ። በዚያ ላይ አንድ ብቻ አይደለም፤ በእያንዳንዱ እግሩ ሁለት ሁለት ደረበ። ድሬዳዋ በግንቦት ካልሲ የሚያደርግ ሰው ብርቅ ስለሆነ፣ ከጎረቤት ሱቅ ሁለት ሰዎች ወጥተው ተመለከቱት።

«ከሰዓት መምጣትህ ጥሩ ነው» አለች ዓሻ። «እግር ከሰዓት ያብጣል። ጠዋት የለካ ሰው ተራራው ላይ ያለቅሳል።»

«የኔ ቁጥር ግን አይኖርም ይሆናል» አለ ሣህሉ፣ ተስፋ ባልቆረጠ ድምፅ። «አርባ አራት።»

«አለ።»

«የግራውም አለ?»

ዓሻ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ጫማውን አንስታ በሁለት እጇ ልታጥፈው ታገለች። ጫማው እሺ አላለም። «እየው። ሶሉ በማስቲሽ የተጣበቀ ብቻ አይደለም፤ ዙሪያውን ተሰፍቷል። ቆዳው ወፍራም ነው። ቁርጭምጭሚትህን አጥብቆ ይይዛል። ይሄ ዋላሂ አያልቅም።»

ሣህሉ የሚያልቅ ጫማ ነበር የፈለገው። ይህን ግን ለሻጭ እንዴት ብሎ ይናገራል? አጠለቀው፤ ማሰሪያውን አሰረ። ዓሻ ወደ ሳንቃው ጠቆመችው። የተራራ ጫማ የሚገዛ ሁሉ እሷ ዘንድ ሳንቃ ይወርዳል። ሳንቃው አንድ ጫፉ የለስላሳ ሳጥን ላይ፣ ሌላው ጫፉ መሬት ላይ ነው። ከፍታው ከጉልበት አይበልጥም።

«ውጣና ቁልቁል ውረድ።»

«ግዴታ ነው?»

«ቁልቁለት ላይ ጣትህ የጫማውን ጫፍ ከነካ ጥፍርህ ይነቀላል። ውጣ!»

ሣህሉ የበሩን መቃን በእጁ ይዞ ወጣ። የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆሞ ታይዋንን ሁሉ ከላይ የሚያይ መሰለው። ከዚያ ወረደ።

«ጣትህ ነካ?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም? የማን ጣት ነው?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

ዓሻ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወሪያ፣ አንተ ከፍታ ትፈራለህ እንዴ?»

«እኔ? ራስ ደጀንን የወጣሁት ሰውዬ?»

ነገሩ የመጣው ከዚሁ ከራስ ደጀን ነው። ሣህሉ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለሥልጠና ጎንደር ሄዶ፣ ጓደኞቹ ተራራውን ሲወጡ እሱ ሆዴን አመመኝ ብሎ ደባርቅ ሆቴል ውስጥ ቀረ። ድሬ ሲመለስ «እንዴት ነበር?» አሉት። «ይበርዳል» አለ። ይህ ውሸት አልነበረም። የቀረውን ሰዎቹ ራሳቸው ሞሉት። አብረውት የነበሩት ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ፤ ሣህሉ የመሥሪያ ቤቱ ተራራ ወጪ ሆኖ ቀረ። እውነቱን የሚያውቀው ራሱ የሚሠራበት መዝገብ ቤት ብቻ ነበር። እዚያ መሰላል የሚፈልግ መደርደሪያ ላይ ያለ ፋይል ሁሉ ከዓመታት ጀምሮ «ጠፍቷል» ይባላል።

ከስድስት ወር በፊት አዲስ ኃላፊ መጣች፤ ተሻለች ትባላለች። ድሬ አለቃውንም ሕፃኑንም እኩል አንተ፣ አንቺ እንደሚል በሁለተኛው ሳምንት ገብቷት፣ «እርስዎ» መጠበቁን ትታለች። ባለፈው ዓርብ ስብሰባ ጠርታ፣ «ለጤናችን የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከደንገጎ በላይ ያለውን ተራራ እንወጣለን» አለች። «እኔ ዝቋላን ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ። የሚፈራ አለ?»

የሒሳብ ክፍሉ አብዲራህማን «ኳስ ተጫዋች የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ተራራ ምን አላት?» አለ። ጸሐፊዋ ሃኒ «እኔ ጂም እሠራለሁ አቦ» አለች። ከዚያ ሦስቱም ሣህሉን አዩት።

«ይመራናላ!» አለ አብዲራህማን።

ዓሻ ጫማውን በከረጢት እያደረገች እንክብካቤውን ነገረችው። ከቅዳሜ በፊት ቤት ውስጥ እያጠለቀ ያለማምደው። ከጉዞ በኋላ አፈሩን በደረቅ ብሩሽ ያራግፍለት፤ የውስጥ ንጣፉን ያውጣለት፤ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ውስጥ ያድርቀው። «ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣው! ማስቲሹ ይለቃል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል።»

ሣህሉ እዚህ ላይ ነቃ አለ። «ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ምኑ?»

«እንዲያው ለማወቅ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ጫማውን በውኃ ነከረና ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤቱ ማድ ቤት ጣሪያ ላይ አሰጣው። የትልቁ ቤት ቆርቆሮ ይበልጥ ይግል ነበር፤ ግን መሰላል ይጠይቃል። ሚስቱ ትርንጎ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አየችው።

«አንተ፣ አዲስ ጫማ በዚህ ፀሐይ?»

«እንዲለማመድ ነው። ተራራው ላይም ፀሐይ አለ።»

«አንተስ ሌሊቱን ስትቃዥ ያደርከው እየተለማመድክ ነው?»

ሣህሉ በሕልሙ ከሳንቃው ላይ ወድቆ እስካሁን መሬት አልደረሰም ነበር።

ጫማው ማክሰኞን ቻለ። ረቡዕንም ቻለ። ሐሙስ ማታ የቀኙ ጫማ አፍንጫ ላይ ጥፍር የምታስገባ ክፍተት ተገኘች። ሣህሉ በሳምንቱ ሁሉ በልቶ የማያውቀውን ያህል እራት በላ። ዓርብ ምሳ ሰዓት ፊቱን አጥቁሮ ዓሻ ፊት ቀረበ።

«አዘንኩ» አለ። «ነገ ያለ መሪ መሄዳቸው ነው።»

ዓሻ ክፍተቱን በጣቷ ዳሰሰች። «ፀሐይ ላይ አስቀምጠኸዋል።»

«ሚስቴ ናት።»

ማስቲሽ ቀባች፤ በማጣበቂያው ላይ ድንጋይ ጫነች፤ ከዚያ በወስፌ ዙሪያውን በናይለን ክር ደግማ ሰፋችው። አንድ ሰዓት አልሞላም። እያቀበለችው ደስ ብሏት ነበር። «በል፣ ይሄ ጫማ ካንተ በኋላም ይኖራል።»

ሣህሉ ይህን ንግግር እስከ ቤቱ ድረስ በባጃጅ ውስጥ ሲያሰላስለው ሄደ። ባጃጁ የደቻቱን ድልድይ ሲሻገር ዓይኑን ጨፈነ።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሚኒባሱ ወደ ደንገጎ ጠመዝማዛውን መውጣት ሲጀምር፣ ገደሉ በማይታይበት በኩል ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

«መሪያችን እየጸለየ ነው» አለች ሃኒ። ማንም አልሳቀም።

የተራራው መንገድ ሲጀምር ሰፊ ነበር። ከመቶ እርምጃ በኋላ ጠበበ። በስተቀኝ ድንጋይ፣ በስተግራ ምንም። ከታች፣ በጣም ከታች፣ ድሬዳዋ የተበተነ ጠጠር መስላ በሙቀቱ ጭጋግ ውስጥ ትታያለች። ሣህሉ በስተቀኙ ድንጋይ ላይ ተለጠፈ። ጫማው አልተንሸራተተም። ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይዟል፤ ጣቱንም አልነካውም፤ የሚከሰስበት አንድም ነገር አልነበረውም። ልጄን ሳላያት ልሞት ነው፣ አለ በሆዱ፣ ቁርስም ሳልበላ። አንድ እግሩን አነሳ፤ የት እንደሚያሳርፈው ስላላወቀ እዚያው መለሰው።

«ምነው ቆምክ?» አለ አብዲራህማን ከኋላ። ድምፁ የኳስ ተጫዋች አይመስልም።

«እይታውን እያየሁ ነው» አለ ሣህሉ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ያን ጊዜ ከጀርባው «ጫማዬ!» የሚል ጩኸት ሰማ። ዞረ። ተሻለች ድንጋዩን ተደግፋ ቆማለች፤ የግራ ጫማዋ ሶል ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብቻውን ቀርቷል። ጫማው ከዓሻ ሱቅ የተገዛ ነው፤ ዙሪያው የተሰፋ። ሃኒ አንስታ አቀበለችው። ሣህሉ ጠርዙን አየው። ክሩ አልተበጠሰም፤ ከአፍንጫ እስከ ተረከዝ አንድ ሳይቀር በምላጭ ተቆርጧል፤ ሥራው ረጋ ያለና ጥንቁቅ ነው።

ቀና ሲል ተሻለች እያየችው ነበር። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ገበያ ነው» አለች በቀስታ። «ስገዛው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።»

«ይሆናል» አለ ሣህሉ።

ላብዋን ጠረገች፤ ድምፅዋን የኃላፊ አደረገችው። «ለማንኛውም እኔ በካልሲም ቢሆን እወጣለሁ። ግን መሪው አንተ ነህ። አንተ በል።»

ሦስቱም አፉን አዩ። «ጫማሽ ስለተበላሸ ብቻ እንመለስ» ማለት ይችል ነበር። ራስ ደጀን አይነካም፣ እሷም አትነካም፣ ሰኞ ሁሉም በክብሩ ይገባል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አዲስ ጫማ ይገዛል፤ ዓሻ ደግሞ የማያልቅ ጫማ አላት። ሣህሉ ሶሉን ጠርዙ እንዳይታይ አድርጎ በያዘው ከረጢት ውስጥ ከተተውና መንገዱ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ፈርቻለሁ» አለ። «ራስ ደጀንንም አልወጣሁም። እንመለስ።»

«ተመስገን!» አለች ሃኒ። አብዲራህማን በዚያችው ቅጽበት «አልሐምዱሊላህ!» አለ። ተሻለች ከሁሉም ቀድማ፣ በመቀመጫዋ፣ ቁልቁል መንፏቀቅ ጀምራ ነበር።