በአመድ የታጠበ ሲዲ

ፍኖተ ሰላም መነኻሪያ አካባቢ የተጫረ ሲዲ ማን ያድናል ቢባል የሚጠራው የሠርክአዲስ ስም ነው። እሷም ታውቀዋለች፤ ማወቋንም አትደብቅም። ዘመኑ የፍላሽ ነው እያሉ ለሚያሾፉባት "የሠርጋችሁን ሲዲ ይዛችሁ ስትመጡ እንተያያለን" ትላለች። ይመጣሉም።

ማክሰኞ ዕለት ከቡሬ ገጠር የመጡት ወይዘሮ ባንቺአየሁ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው የሰጧት ሲዲ ግን እሷንም አስደነገጣት። ዙሪያውን ተፈትጓል።

"በምን አጠቡት፣ እትዬ?"

"በአመድ ነዋ! ቢደነቃቀፍብኝ ቆሽሾ ነው ብዬ እንደ ሳህን አሸት አሸት አደረግሁት። ጭራሽ እምቢ አለ።"

ያላዋቂ ሳሚ የሚለው ተረት አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ በትልቅ ሰው ፊት ዋጠችው። ሲዲ ከመሐል ወደ ዳር ነው የሚጠረገው። ዙሪያውን ከፈተጉት ጭረቱ የተቀዳበትን መስመር ይዞ ይሄዳል።

"ውስጡ ምን አለ?"

"ላቀው አለ።" ድምፃቸው ተሰበረ። ባላቸው ላቀው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሲዲው የትልቋ ልጃቸው የምሕረት ሠርግ ነው፤ እሁድ ደግሞ ታናሿ ያምሮት ትዳራለች። "ያለ አባቷ ምርቃት እንዴት ከቤቴ ትውጣ? ድምፁ ያለው እዚህ ብቻ ነው፣ ልጄ።"

ሠርክአዲስ ሲዲውን ወደ ፀሐይ አነሣችው። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ የለውም፤ የተጎዳው ከታች በኩል ያለው ፕላስቲክ ብቻ ነው።

"ይቀመጡ፤ ይድናል" አለች።

የጥርስ ሳሙና ቀባችው፤ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር፣ ከመሐል ወደ ዳር ጠረገችው። ማጫወቻው መልሶ ተፋው። ደገመችው፤ አሁንም ተፋው። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ሠርክአዲስ ግን እልኳ ገና መነሣቱ ነበር።

በሦስተኛው ሙከራ ቴሌቪዥኑ ላይ ጋቢ የለበሱ ረጅም ሰው ከሙሽራዋ ፊት ቆመው ታዩ።

"ልጄ..." ምስሉ ቀጥ አለ፤ ዘለለ። "...ውለጂ፣ ክበጂ። የገባሽበት ቤት ይሙቅልሽ፤ ማጀትሽ አይጉደል።"

ወይዘሮ ባንቺአየሁ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው አለቀሱ። ሠርክአዲስ ደስ ቢላትም ዝላዩ ከነከናት።

"እዚያች ጋ ምን ነበር የሚሉት?"

"ምሕረት ነው የሚል። ስሟን ይጠራታል።"

"ትንሽ ይታገሡኝ፤ ስሟንም አወጣዋለሁ" ብላ ጨርቁን አነሣች።

ሴትዮዋ እጇን ያዙት።

"ተይው፣ ልጄ። እሁድ እዚያች ጋ ሲደርስ፣ እኔ ያምሮት እላለሁ።"