የዘጠኝ ሰዓቱ ተመልካቾች

ሶፋ ሠሪው በሥራው ቀልድ አያውቅም። መሐል ከተማ ያለው አሮጌው ሲኒማ ቤት ከመፍረስ ተርፎ ይታደስ ሲባል፣ ወንበሮቹን አዲስ የከፋይ ጨርቅ የማልበሱን ሥራ ለእሱ ሰጡት። ሲቀመጡባቸው የሚወርዱ፣ ሲነሱ ደግሞ በብረት ሞላ ተስበው የሚታጠፉ ወንበሮች ናቸው። አዳራሹ ሠላሳ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጎንበስ ብሎ ሲሰፋ ከኋላው «ቋ!» አለ። ዞር ሲል አንድ ወንበር ወርዷል። ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ ከፊት ሁለት፣ ከጎን ሦስት፣ ልክ ሰው ቦታ እየመረጠ እንደሚቀመጥ። ሰዓቱን አየ፤ ዘጠኝ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉም በአንዴ ተመልሰው ታጠፉ።

«ጋሼ፣ ሞላ ሲያረጅ እንዲህ ይሠራዋል» ብሎ ሳቀበት የእድሳቱ መሐንዲስ።

በማግስቱ ሶፋ ሠሪው ወንበሮቹን ረድፍ በረድፍ በገመድ አሰራቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን እንደ ትናንቱ ወረዱ። ገመዶቹ አልተበጠሱም። ተፈትተው፣ በወጉ ተጠቅልለው፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ጃኬቱን እንኳ ሳያነሳ ወጣ።

በቀጥታ የሄደው ታላቅ እህቱ ቤት ነው፤ በደጉ ጊዜ የዚያ ሲኒማ ቤት ቲኬት ሻጭ ነበረች። ነገሩን ስትሰማ እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች።

«እትዬ፣ ምነው? ተናገሪ እንጂ!»

«የሲኒማ ቤቱ የመጨረሻ ቀን ነው» አለች። «የዘጠኝ ሰዓቱ ፊልም እኩሌታው ላይ ሲደርስ፣ አሥር ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ‹ነገ በዚሁ ቲኬት ግቡ› አልናቸው። በማግስቱ በሩ ታሸገ። አንተም እኮ ነበርክ፤ ሰባተኛው ረድፍ ላይ፣ በግራህ አባዬ፣ በቀኝህ አጎታችን።»

ትዝ አለው። አባቱ በመንገድ ላይ «አይዞህ፣ መጨረሻውን ነገ እናየዋለን» ብሎት ነበር። ሳያዩት ዓመታት አለፉ፤ አባቱም አጎቱም ሞቱ።

በነጋታው አብረው ሄዱ። ዘጠኝ ሲሆን ወንበሮቹ ወረዱ። ሰባተኛው ረድፍ ላይ ሁለት ወንበሮች ወርደው፣ የመሐሉ እንደታጠፈ ቀረ። እህቱ በጣቷ ወደ ሌላ የታጠፈ ወንበር አመለከተች።

«ያ የጥርስ ሐኪሙ ቦታ ነው፤ ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ሰላም ብዬዋለሁ።» ወደ ወረዱት ወንበሮች ዞረች። «የእነዚህን ባለቤቶች ግን አንድ በአንድ ቀብረናቸዋል።»

ፊልም አጫዋቹን፣ ሰዉ «ማሽኑ» የሚለውን ሽማግሌ፣ ፈልገው አገኙት። የዚያን ቀን ፊልም ጥቅሎች በቆርቆሮ እንደታሸጉ አስቀምጧቸው ኖሯል። ፊልሙን እስከ መጨረሻው እንዲያጫውትላቸው ሲጠይቁት አላቅማማም። «እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዴን ይበላኛል» ብሎ ተነሳ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው የድሮውን ማጫወቻ ጠራርጎ አስነሳው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበሮቹ ሲወርዱ፣ ሶፋ ሠሪው ሰባተኛው ረድፍ ላይ በሁለቱ መሐል ተቀመጠ። አሥር ሰዓት አለፈ፤ የተነሳ ወንበር የለም። አስቂኙ ቦታ ሲደርስ በአዳራሹ ሙሉ ወንበሮቹ ሲጢጥ አሉ፤ ሳቅ ግን አልተሰማም። የሚያስፈራው ሲመጣ ደግሞ የግራ ጉልበቱ ላይ አንድ ክብደት አረፈ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ እጅ። ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም። ጉልበቱንም አላንቀሳቀሰም።

ፊልሙ ሲያልቅ ወንበሮቹ ሳይቸኩሉ፣ ከመተላለፊያው በኩል ጀምረው ተራ በተራ ተነሱ። በግራው ያለው የመጨረሻው ነበር። እህቱ ሁለቱንም በሮች ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ለባዶው መተላለፊያ «በሰላም ቤታችሁ ግቡ» አለች።

ሶፋ ሠሪው ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ በኋላ ወንበር አልወረደም፤ ሥራውም ያለ ችግር ቀጠለ። የቀረችውን አንዲት ረድፍ ግን «ጄኔሬተር ሳይገባ አልሸፍናትም» ብሎ ድርቅ አለ።

«ወንበር ከጄኔሬተር ጋር ምን አገናኘው?» አለ መሐንዲሱ ግራ ገብቶት።

«መብራት ቢጠፋም ሰው የጀመረውን ፊልም መጨረስ አለበት» አለው። ጄኔሬተሩም ገባ።